የማያመው ቦታ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍና ይውጣልኝ። አባዬን መርፌ በወጋሁት ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሲገባ አያለሁ፤ ከገባ በኋላ ነው የምጨፍነው። ግን ያው ነው፣ ፈሪ ነኝ።

ደብተሩን ከሱቁ መሳቢያ ነው ያገኘሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሁለት ሰው ሱሪ ልኬት አለበት። አልቀደድኩትም።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ሱቅ፣ የኋለኛው መኝታ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አክስቴ፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ ከእኛ ጋር ትኖራለች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ፣ ለአባዬ ክር በመርፌ አስገባለታለሁ። ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበታል። የሲሪንጁን መስመሮች ማየት ስላቃተው የስኳሩን መድኃኒት ጠዋትና ማታ የምወጋው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የዓይን ሐኪሙ ዘንድ ሄደን ነበር። «ሞራው ይነሳል» አለው። «ስኳርህ እንዲህ እንደተሰቀለ ግን አልነካውም፤ ቁስሉ አይድንም። ኅዳር አጋማሽ ና። ከወረደ እንሠራዋለን። ካልወረደ...» አልጨረሰውም።  አባዬ በራችን ላይ ሲደርስ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስወጋ ኖሬ፣ አሁን ተራው የኔ ሆነ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የማያይ ልብስ ሰፊ ምን ይሠራል?

ከእምብርቱ በስተግራ አንድ ቦታ አለች፤ አበጥ፣ ለስለስ ያለች። እዚያ ሲወጋ አያመውም። «ትራሷ» ይላታል። «ትራሷ ላይ አድርጊልኝ፣ የኔ እመቤት።» ሁልጊዜ እዚያ አደርግለታለሁ። ደግነቱ እሷ አለች፤ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ፤ የሰው ሱሪ ይጠብቀኛል።

እትዬ ማበጠሪያ መጥታ ለካችው። ሦስት መቶ ሃያ። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ማበጠሪያዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ስለምትዞር ነው ሰፈሩ ስሙን ያወጣላት። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። ሳሎኗን ዘግታ እንደሷ ያሉ ሕሙማንን ቤት ለቤት ትጠይቃለች፤ ማንም አይከፍላትም።

አክስቴ መለኪያውን እንዳየች፣ «ወንድሜ፣ ትናንት ምን ቀመስክ?»

«ያቀረብሽልኝን።»

«እኔ ያቀረብኩት ሦስት መቶ አያደርስም!»

«እትዬ፣» አለቻት እትዬ ማበጠሪያ፣ «ስኳር የሚወጣው በአፍ ብቻ አይደለም። ንዴትም ያወጣዋል።»

«እንግዲያው እኔ ነኛ ስኳሩ!»

አባዬ ሳቀ። አክስቴ ግን ስትወጣ፣ ለኔ ብቻ እንዲሰማ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችኝ።

ሌላም ነገር አለ። ኅዳር ላይ ጤና ጣቢያው እንደ እትዬ ማበጠሪያ ላሉ በጎ ፈቃደኞቹና ለነርሶቹ የምስጋና ቀን አዘጋጅቷል። አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ በድምሩ ዐሥራ አንድ። አባዬ ጨርቁን ተቀብሎ፣ «የእጅ ዋጋ የምትሉኝ ከሆነ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስንት ዓመት ደጄን ረግጣችኋል» አላቸው። በዚህ ዓይኑ!

እሑድ፣ ጥቅምት 10

አክስቴ ዛሬ ከአባዬ ኮት ኪስ ከረሜላ አወጣች። አንድ እፍኝ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና፣ «እህስ! ይኸው ሌባው ተያዘ» አለች።

አባዬ፣ «እታለም፣ እሱ የሰጡኝ ነው። ድንገት ቢወርድብኝ...» ማለት ሲጀምር አላስጨረሰችውም።

«መቼ ወርዶብህ ያውቃል? አንተ መውጣት እንጂ መውረድ ታውቃለህ?»

ከረሜላውን ሰብስባ ቆሻሻው ውስጥ ጣለችው። የስኳሩን ጣሳ ደግሞ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችና ቁልፉን በአንገቷ አሰረችው። የሷም ነገር ጭካኔ አይደለም። ባሏ በዚሁ በሽታ እግሩን ተቆርጦ ነው የሞተው። 

ከረሜላውን ማን እንደሰጠው አውቃለሁ። እትዬ ማበጠሪያ ስትሰጠው አጠገቡ ነበርኩ። «ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ካየሽ ስኳር ስጪው እንጂ ቆመሽ አትጠይቂው» ብላኝም ነበር። ይህን ለአክስቴ መንገር የአንድ ዓረፍተ ነገር ሥራ ነበር። ጉሮሮዬ ላይ ደረሰና ተመለሰ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴ ብዙ ነገር ፈጅቷል።

ማታ ስወጋው፣ «ዛሬ እንኳ ትራሷ አለችልኝ» አለ። ከበፊቱ አደግ ያለች መሰለኝ። ለሱ ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጤና ጣቢያ ውለን መጣን። ኮሪደሩ ሰው በሰው ነው። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር፣ ሳፋ ይዞ የሰው እግር እያጠበ በጣቶቹ መሃል እንዴት እንደሚደረቅ ያሳያል። «ጎማ ሳያዩ መንገድ አይወጣም!» እያለ ያስቃቸዋል።

የስኳር ክፍሉ ነርስ፣ ሲስተር፣ አባዬን ስታየው ወደኛ መጣች። ጠዋት ከገባች ጀምሮ የተቀመጠች አትመስልም፤ ሻይዋ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቷል። ካርዱን ተመለከተች። «ምን እየበላህ ነው?» አባዬ ነገራት። «እሱ ደህና ነው። መርፌውንስ ማን ይወጋሃል?»

«ይህቺ ልጄ። እጇ ጥጥ ነው፣ ጭራሽ አያመኝም።»

ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ። የሆነ ነገር ልትጠይቀኝ ነበር። በዚያው ቅጽበት አንዲት እናት ራሱን የሳተ ሕፃን ይዛ እየጮኸች ገባች፤ ሲስተርም ሮጠች። ስትመለስ ከሐኪሙ ጋር ተማክራ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረችልን። የሚጠይቀኝ ስለሌለ እፎይ አልኩ።

ስንወጣ አባዬ፣ «የምትጠረጥሩኝ ጠፍቶኝ እንዳይመስልሽ፤ ምንም አልቀመስኩም» አለኝ። ማን ጠየቀው?

እሑድ፣ ጥቅምት 17

መጠኑ ተጨምሮም ዓርብ ዕለት ሁለት መቶ ዘጠና ነበር። እንዴት?

አክስቴ በራፉ ላይ ለጎረቤት ስትነግር ሰማኋት። «ጠዋት ተነሥቶ በእግሩ የሚሄደው ለጤናው ነው ይላል። ማን ያውቃል የት እንደሚሄድ።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አባዬ ግድግዳው ማዶ ማሽኑን ይረግጣል።

ዛሬ ኮቱን ሸተትኩ። የሻይ ብርጭቆውን ቀመስኩ። እንዲህ መሆኔን ማንም ባያየኝ ምን ይጠቅማል፣ እኔ አይቼዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ሰደርያዎቹን አነባበርኩ። የተቆረጠው ዐሥራ ሁለት ነው፤ አንድ ትርፍ። እሱም ትከሻው ጠባብ፣ ቁመቱ አጭር ሆኖ ነው የተቆረጠው። ከበጎ ፈቃደኞቹም ከነርሶቹም ይህን የሚያክል ሰው የለም። ዓይኑ ነው። ልኬት ስቶ የማያውቅ ሰው! አልነገርኩትም፤ እንዳይሰበር ብዬ ከሌሎቹ ሥር ደበቅኩት።

ጠዋት ተከተልኩት። ጥግ ካለው ኪዮስክ ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ምን አፍ ነው ያለኝ! ለደግ ጊዜ ይዘጋል፣ ለክፉ ጊዜ ይከፈታል።

እትዬ ማበጠሪያ መጥታ ለካች። ሦስት መቶ አምስት። ወደ ጓሮ ወስዳኝ፣ «እናቴ፣ እስቲ ንገሪኝ፤ የሆነ ነገር አይተሻል?» አለችኝ። እጇን ትከሻዬ ላይ ስላደረገች ይሆናል፣ «ከኪዮስክ የሚገዛው ነገር አለ። ደብቆ ሳይበላ አይቀርም» አልኩ።

ቀና ስል አባዬ በሩ ላይ ቆሟል።

ኪሱ ገባና ያወጣውን አሳየኝ። ሰማያዊ ክር። ሁለት ድውር። «ከጨርቁ ጋር የሚሄደውን መልክ ባለኪዮስኩ ነበር የሚመርጥልኝ፤ እኔማ አይታየኝም» አለ። ከዚያ፣ «አንቺም?»

 እትዬ ማበጠሪያ ልታስታርቅ ብዙ ሞከረች። ማታ ስወጋው ስለ ትራሷ አልቀለደም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

 ነገ እጽፋለሁ። አባዬ ደህና ነው። ደህና ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ሁሉም ተኝተዋል። አሁን ልጻፈው።

ትናንት ጠዋት ሲሪንጁን ይዤ ስቀርብ አባዬ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንደወትሮው ሸሚዙን አልገለጠም። ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን ዘረጋልኝ። «እዚሁ ውጊኝ።» ዞር ብሎ እንዳያየኝ ነው። ክንዱ ላይ ወጋሁት። «እህ» አለ። እንዳመመው ሰማሁ። ይቅርታ ልለው ፈልጌ አፌ ውስጥ ቀረ።

ቁርሱን እንደ ሁልጊዜው በላ። አክስቴ ገበያ ሄደች። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እሱ የሰደርያ ኪስ ይሰፋል። ትንሽ ቆይቶ ኪሱን ገልብጦ ሰፋው። ዓይኑ ነው አልኩ። ግንባሩ አላበው፤ ሙቀቱ ነው አልኩ። «አባዬ፣ ውኃ ላምጣ?» ብለው፣ «ምን ታፈጭብኛለሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። በሕይወቴ እንዲያ ተናግሮኝ አያውቅም። ቂሙ ገና አልለቀቀውም ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ የማሽኑን ድምፅ ሰማሁ፤ ሳያቋርጥ ይሄዳል። ቀና ስል ማሽኑ ላይ ክር የለም። አባዬ ያለ ክር ይሰፋል። አንድ መስመር፣ ሌላ መስመር፣ ጨርቁ ላይ ቀዳዳ ብቻ። መቀሱ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ አላነሣውም። እጁ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት።

ኮቱ ኪስ ገባሁ፤ ባዶ። የአክስቴን ሣጥን ጎተትኩ፤ ተቆልፏል፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ገበያ ሄዷል። ሮጬ ኪዮስኩ ደረስኩ።

«ለስላሳ...» ድምፄ አልወጣም።

«ምን አልሽ?»

«ለስላሳ። ለአባዬ።»

«ለአባትሽ? ኧረ በሕግ!» አለ ባለኪዮስኩ። «አክስትሽ አንዲት ከረሜላ ብትሸጥለት አንተን ነው የምጠይቀው ብላኛለች። ሰውዬውን ልትገድይው ነው እንዴ?» ደጁ ላይ የተቀመጡት ሳቁ። አንደኛው፣ «ሱሱ ጸንቶበት ልጁን መላክ ጀመረ» አለ።

አክስቴ ስለኔ ሁልጊዜ የምትለው ነገር አለ፦ «ዝም አይነቅዝም ያለው አንቺን ሳያይ ነው።» እዚያ ቆሜ እየነቀዝኩ እንደሆነ ተሰማኝ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ። «ወርዶበታል! ስኳሩ ወርዶበታል፣ ይሞትብኛል!» መንገዱ ሁሉ ዞረ። የሚሰጠኝን አልጠበቅኩም። ከሣጥኑ አንድ የላስቲክ ጠርሙስ መዝዤ ሮጥኩ።

አገጩን ደግፌ በትንሽ በትንሹ አጠጣሁት። መጀመሪያ እጄን ገፋው። «ጠጣ!» አልኩት። አባቴን፣ «ጠጣ!» ጠጣ። ከፊሉ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ።

ጩኸቴን ሰምታ እትዬ ማበጠሪያ ደረሰች፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፣ ግማሽ ፀጉሯ የተተኮሰ ደንበኛዋ ከኋላ ከኋላዋ። ጣቱን ወግታ ለካች። አርባ ስምንት። አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን ይዛ ጠበቀች፣ ደግማ ለካች፣ የሚበላ ነገር ሰጠችው። ፊቱ ሲመለስ አየሁት። መጀመሪያ ያለው፣ «ያቺ ሴትዮ ፀጉሯ ምን ሆኖ ነው?» ነበር።

እትዬ ማበጠሪያ ወደኔ ዞረች። «ዛሬ የት ላይ ወጋሽው?»

«ክንዱ ላይ።»

«እስከ ዛሬስ?»

«ትራሷ ላይ።»

«ምኗ ላይ?»

አባዬ ሸሚዙን ገለጠ። አየች፤ በጣቷ ነካች፤ ማበጠሪያዋን ከፀጉሯ አውጥታ እንደገና ሰካችው። «ተነሡ፣ ሲስተር ጋ እንሂድ» አለች። ደንበኛዋን፣ «አንቺ ሻሽ እሰሪበት፣ እመጣለሁ» አለቻት።

ሲስተር አባዬን አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዱን በመዳፏ ቀስ እያለች ዳበሰች። ከዚያ ጣቴን ይዛ ትራሷ ላይ አስቀመጠችው። «ይሰማሻል? እንደተጠቀጠቀ ጥጥ ሆኗል። አንድ ቦታ ሲደጋገም ሥጋው እንዲህ ያብጣል፤ ሕመሙም ይጠፋል። መድኃኒቱ ግን እዚህ ውስጥ ይታሰራል። አንዳንዴ ጭራሽ አይወጣም፣ አንዳንዴ ባልታሰበ ሰዓት ይወጣል። ዛሬ ደህና ቦታ ስታገኚ ያ የጨመርነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሠራ።»

«እንግዲያው...» አለ አባዬ።

«እንግዲያው አንተ ምንም አልሰረቅክም። ዳብሼ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን እያየሁ መጠን ጨመርኩብህ።» ሐኪሙን ጠርታ መጠኑን አስቀነሰችው። ከዚያ ክንዱ፣ ታፋው፣ የሆዱ ቀኝ፣ ሁሉ በየተራ እንደሚወጋ አሳየችኝ። «ትራሷን አትንኪያት። ትረፍ።»

እንዳያመው ብዬ ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ስታድግም በጣቴ አውቄያለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ያ የማያመው ቦታ ዓይኑን ሊወስድበት ነበር።

አክስቴ ከገበያ ስትመለስ ሰፈሩ ቀድሞ ነግሯታል።  ቁልፉን ከአንገቷ ፈታችና ከማሽኑ በላይ ካለው ምስማር ሰቀለችው። «ለኔ አንገት ከብዶኛል» አለች።

እሑድ፣ ኅዳር 1

የሳምንቱ ልክ እየወረደ ነው፤ መቶ ሰባ፣ መቶ ስድሳ። ታፋው ላይ ስወጋው ይሰቀጥጠዋል። እኔም ይሰቀጥጠኛል። ትናንት እጄ ተመልሶ ወደ ትራሷ ሊሄድ ነበር፤ ያዝኩት።

ዛሬ ክር ሳስገባለት፣ «አባዬ...» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ክሩን አስገቢ።»

አስገባሁ። ከመርፌው ጋር ጣቴንም አብሮ ያዘ፤ ቶሎ አልለቀቀውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ከዓይን ሐኪሙ ተመለስን። ውጭ አግዳሚው ላይ ስንጠብቅ አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ስትፈትል ቆየች። ተጠራን። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ አባዬን አየ። «እንዲህ ከቆየ በሚቀጥለው ሳምንት የግራውን እንጀምራለን።» እንዲህ ከቆየ። ይህ ቃል በጆሮዬ ውስጥ ይዞራል። የሚያቆየው የኔ እጅ ነው።

አክስቴ ኮሪደሩ ላይ፣ «ዓይንህ ሲበራ መጀመሪያ የምታየው የኔን ፊት ይሆናል፤ ከዚያ ምነው በቀረብኝ ትላለህ» አለችው። ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሰች።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የምስጋናው ቀን ነገ ነው። ሲስተር ዛሬ ልትጠይቀን መጥታ አንድ ነገር ነገረችን። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እሷም በጎ ፈቃደኞቹም የሚለኩትን ሁሉ ይዳብሳሉ። ስንት ሰው ትራሱን ደብቆ እንደሚዞር አላውቅም ነበር። ሹፌሩ ራሱ አለበት! «ሌላውን እግር እያጠብኩ የራሴን ጎማ ሳላይ» ብሎ ተናደደ አሉ።

«ነገ ለሚመጡት ሰዎች የት የት እንደሚወጋ አንቺ ታሳያለሽ» አለችኝ ሲስተር። «እኔ ብናገር ቁጣ ይመስላቸዋል፤ የሚወጉት ደግሞ አብዛኞቹ እንዳንቺ ያሉ ልጆች ናቸው።»  አይሆንም ልል አፌን ከፈትኩ። «እሺ» የሚል ድምፅ ወጣ። የኔ ነው መሰለኝ።

ሰደርያዎቹን ቆጥረን አስረከብን። ዐሥራ አንዱ ሄደ፣ ያቺ ትከሻዋ የጠበበችው ቀረች። እትዬ ማበጠሪያ አንስታ አየቻትና፣ «የኛ ማኅበር ውስጥ እንዲህ ያለ ትከሻ ያለው ሰው የለም» ብላ አባዬን ተመለከተችው። አባዬ ፊቱን ሳይለውጥ፣ «ምን ላድርግ፣ ዓይኔ ነው የተሳሳተው» አለ። ሁለቱም ለምን እንደሳቁ አልገባኝም።

ማንም ሳያይ ለካኋት። ልክክ አለችብኝ። ኪሷ ውስጥ አንዲት ከረሜላ አለች።

ነገ ጠዋት የአባዬ ተራ ቀኝ ታፋው ነው። «እህ» ይላል፤ ይቅርታ አልለውም፣ ዓይኔንም አልጨፍንም። ከዚያ ጤና ጣቢያው ግቢ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ፤ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ የት ሲወጋ እንደሚያምና ለምን እዚያ መወጋት እንዳለበት አሳያለሁ። ሰደርያዋንም እለብሳታለሁ። ያ ሁሉ ጨርቅ ከሚባክን ብዬ ነው።